ስለ ቁራ ዕውቀትና ስለ ሰው ፍርድ

የሰው ልጅ በእንስሳት ላይ የፈረደው ሳይመረምራቸው ነው። አህያን ደንቆሮ፣ ቀበሮን ተንኰለኛ፣ ርግብን የዋህ ብሎ ስም ካወጣ በኋላ፣ ተመልሶ ጠባያቸውን ያጠናው የጥቂቶቹን ብቻ ነው። ከዚህ ፍርድ የከበደው ክፍል የደረሰው ለቁራ ነው። ከኖኅ መርከብ ተልኮ ወሬ ሳያመጣ ስለ ቀረ፣ ዛሬም ተልኮ የሚቀረውን ሰው ሁሉ «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስን በኮራት ፈፋ ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ እያመጡ የመገቡት ቁራዎች እንደ ነበሩ ያው መጽሐፍ ይነግረናል። እኛም የቀረውን ለምሳሌ ስናነሣ የመገቡትን ዘነጋናቸው።

በመንዝ፣ በጓሳ አምባ፣ ማጅራቱ ነጭ፣ ሌላው አካላቱ ጥቁር፣ ምንቃሩ ወፍራምና ቈልማማ የሆነ ታላቅ ቁራ ይኖራል። ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ሲሆን፣ አገሩም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1836 ዓ.ም. ስለዚህ ወፍ ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። ይህ ቁራ እበቱን በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ከውስጡ ትል ሲለቅም ያየ መንገደኛ ተጸይፎ ያልፋል። ልብ ብሎ የተመለከተ ግን ምግብ በማይታይበት ሥፍራ ምግብ መኖሩን የሚያውቅ ፍጡር ማየቱን ይረዳል።

የዚህ ወፍ ዘመዶች በሌላ አገር በብዙ ተመርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤቲ የተባለች ቁራ ቀጥ ያለ ሽቦ አጥፋ መንጠቆ ሠራች፤ በመንጠቆውም ከቱቦ ውስጥ ሥጋ የያዘች ትንሽ ባልዲ ስባ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ማርዝሉፍ የተባሉ መምህርና ረዳቶቻቸው ጭምብል ለብሰው ጥቂት ቁራዎችን ያዙና ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ያን ጭምብል የለበሰ ሰው ባለፈ ቍጥር ቁራዎቹ ለዓመታት ሲጮኹበት ኖሩ፤ ተይዘው የማያውቁትም ከተያዙት ተምረው ዐብረው ጮኹ።

ከሁሉም ይልቅ ለሥነ ምግባር ጥያቄ የሚቀርበው ኤመሪና ክሌይተን እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ነው። የቁራ ዘመድ የሆነችው ጄይ የተባለች ወፍ ምግቧን ስትደብቅ ሌላ ወፍ ካየቻት፣ በኋላ ብቻዋን ስትሆን ወደ አዲስ ሥፍራ ታዛውረዋለች። ይህን የምታደርገው ግን ቀድሞ የሌላውን የሰረቀች እንደ ሆነ ነው፤ ሰርቃ የማታውቀው እንዲህ አትጠነቀቅም። አባቶቻችን «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ያሉት በዚህች ወፍ ተፈጸመ።

እንግዲህ ሰው ከእንስሳ የሚለየው በብልኀት ነው ያልን እንደ ሆነ ድንበራችን ፈርሷል። መሣሪያ መሥራት፣ ፊት ለይቶ ማስታወስ፣ በራስ በደል የሌላውን በደል መጠርጠር ከወፍም ዘንድ ተገኝቷልና። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ወፊቱ ከስርቆቷ የተማረችው ንብረቷን መጠበቅ ነው፤ ሰው ግን ከስርቆቱ የተሰረቀውን ሰው ሐዘን ሊያውቅና እጁን ሊሰበስብ ይችላል። ይህን የማያደርግ ሰው የቱንም ያህል ቢማር ከጄይ አንድ እርምጃ አልራቀም።

ነገር ግን «ቁራ ብልኅ ከሆነ እናክብረው፤ ብልኀት የሌለውስ ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱን የመንዝ አባቶች ቀድመው በሥራ ሰጥተውታል። ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ እንደ ኖረ በሚነገርለት በቄሮ ሥርዐት የጓሳን ሜዳ ለዓመታት ዘግተው፣ በተመረጡ አለቆች አስጠብቀው፣ በችግር ጊዜ ይከፍቱት ነበር። የጠበቁትም ሣር ነው። ሣር አያስብም፤ የጠባቂውንም ፊት አያስታውስም። ሥርዐቱ እ.ኤ.አ. ከ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም የአገሩ ሕዝብ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። ሣሩ በመጠበቁ ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳውና ቁራው ዐብረው ተጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በዚያው በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67 ያህሉ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ያህሉ ብቻ እንደሚሳካለት ገለጠ። ሜዳው ታርሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ምሥጢር ሳይነበብ በጠፋ ነበር።

ስለዚህ ለፍጥረት የምናደርገው ርኅራኄ ፈተና ላለፉት ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ሊሆን አይገባም። የቁራ ብልኀት የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሳንመረምር የፈረድንበት ፍጡር ይህን ያህል ካስደነቀን፣ በስሙና በመልኩ ብቻ የፈረድንበትን ሰውማ ምን ያህል በድለነው ይሆን? በጓሳ ጫፍ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ቁራው የሚሠራውን ቆሞ ቢመለከት፣ ሲያድግ ዳኛም ቢሆን ሽማግሌ ይጠቅመዋል።