ያልተዳፈነ እሳት

የሰው ሀብት የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ባለቤቱ እያየ የሚያጠፋው፥ ሁለተኛው ባለቤቱ ሳያይ የሚጠፋው። እያየ የሚያጠፋውን ሰው ጎረቤት ይመክረዋል፤ የንስሓ አባቱም ይገሥጸዋል፤ ኪሱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ራሱ ይመለሳል። ሳያይ የሚጠፋበትን ግን ማን ይመክረዋል? ተመካሪው አያውቅም፤ መካሪውም አያውቅም፤ ጥፋቱም እንደ ቤተ ሰብ ሆኖ ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ ይኖራል።

በመንዝ ደጋ፥ በቀየትና በዙሪያዋ፥ ብርዱ ጽኑ ነው፤ እንጨቱም ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙው ቤት የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበትም በበጋ ተጠፍጥፎ፥ ደርቆ፥ ተከምሮ ለክረምት የሚቀመጥ እንጂ በተፈለገ ጊዜ ከደጅ የሚታፈስ አይደለም። ስለዚህ እመቤቲቱ ራት ከተበላ በኋላ ፍሙን ሰብስባ በዐመድ ትዳፍነዋለች። የተዳፈነ እሳት ጠፋ አይባልም፤ ነደደም አይባልም። ሌሊት ሕፃን ቢታመም፥ ወይም እንግዳ ከመንገድ ቢገባ፥ ዐመዱን ገልጣ ጥቂት ጭራሮ ጨምራ እፍ ስትለው ይነሣል። ማንም ባይመጣ ደግሞ እስከ ጧት ይጠብቃታል። ይህን ነገር ጥበብ ብሎ የመዘገበው የለም፤ እናት ለልጅ ስታሳየው ኖረች እንጂ።

አሁን ከዚያ አገር የመጣች አንዲት እናት አዲስ አበባ ከልጇ ቤት ሰነበተች እንበል። ልጁ የፋይበር መስመር ከቤቱ አስገብቷል፤ ከቴሌቪዥኑም አጠገብ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። ባለሙያዎች ራውተር ይሏታል፤ የቤት ሰዎች ግን ሥራዋንና ስሟን አንድ አድርገው ዋይፋይ ይሏታል። እናቲቱ በሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ቤቱ ሁሉ ጨልሞ፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ፥ ሣጥኒቱ ብቻ ስትርገበገብ ታያለች። በማግስቱም «ልጄ፥ ይህች ነገር ምን ትሠራለች?» ብትለው «ኢንተርኔት ለቤቱ ታከፋፍላለች፥ እናቴ» አላት። «ሁላችን ስንተኛ ለማን ታከፋፍላለች?» አለችው። ልጁ ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠም። በዚያች ሌሊት እናቲቱ እሳት እንደምትዳፍን ሁሉ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችና ተኛች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፥ በዋሽንግተን ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፥ ከሥራ የወጣች ሴት ልጇ በኢንተርኔት ብትደውል መስመሩ አልያዘላትም። ደጋግማ ደወለች፤ እናቴ ምን ሆነች ብላ ፈራች። ጧት ነገሩ ሲታወቅ ልጁ ተቈጣ፤ «የከፈልሁበት ነገር ነው፤ የምትፈጀውም ኢምንት ነው፤ ስለ ምን ትነቅያታለሽ?» አለ።

በእናትና በልጅ መካከል ለመፍረድ አስቀድሞ ልኩን ማወቅ ይገባል። እንዲህ ያለች ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ዋት ትፈጃለች፤ አዲሶቹና ፈጣኖቹ ወደ ላይኛው ይጠጋሉ። 10 ዋት ነው እንበል። ይህ በቀን 24 ሰዓት፥ በዓመት 365 ቀን ሲቈጠር 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በኢትዮጵያ የሚፈጀው የመብራት ኃይል ለሕዝቡ ሁሉ እኩል ቢካፈል፥ በቅርብ ዓመታት ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው 100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ሣጥኒቱ የአንድ ሰው ድርሻ የሚያህል ይዛ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ ያውም ከሕዝቡ እኩሌታ ያህሉ መብራት ባልገባለት አገር። ቤተ ሰቡ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢተኛ፥ በእነዚያ 8 የእንቅልፍ ሰዓቶች ብቻ በዓመት 29 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ባለ 2 ዋት አምፖል በየማታው 4 ሰዓት ቢበራ በዓመት የሚፈጀው 3 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ሣጥኒቱ ሰው ተኝቶ ሳለ የምትፈጀው በዐሥር ቤት ልጅ የሚያጠናበት ብርሃን ይሆን ነበር።

ይሆን ነበር ማለት ግን ይሆናል ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ የተነቀለ ገመድ በቀየት አምፖል አያበራም፤ ምሰሶ፥ ሽቦና ትራንስፎርመር ያልደረሰበት ቤት ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም ጨለማ ነው። ይህን ሳይናገሩ ባለ ሣጥኑን በድኻ ስም መውቀስ ሐሰት ይሆናል። ደግሞም ለሣጥኒቱ ፍርድ እንዳይጓደልባት፥ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይስባል፤ አንድ ሰዓት የጋገረች ሴት የሣጥኒቱን የ2 ሳምንት ቀለብ ጨርሳለች። ምጣዱን ግን የሚከስሰው የለም። ስለ ምን ቢሉ፥ ምጣዱ የሚግለው የሚበላ ሰው ስላለ ነው፤ ሊጡ ሲያልቅም ይጠፋል።

ሣጥኒቱ ሥራ ሲበዛባትና ሥራ ስትፈታ የምትፈጀው እጅግም አይለያይም። ሌሊት ምን ስትሠራ ታድራለች ቢሉ፥ በአየር ላይ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «አለሁ» እያለች ስሟን ትጠራለች። ይህ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ280 ሺህ ጊዜ በላይ ይሆናል፤ ገበያ በሌለበት ሜዳ ቆሞ ነጋሪት እያስመታ ዐዋጅ እንደሚያስነግር ሰው ነው። በሽቦ የተያያዘች እንደ ሆነም፥ ከማዶ ካለው መሣሪያ ጋር ርምጃቸው እንዳይፋለስ፥ የሚላክ ነገር ባይኖርም ባዶ ምልክት ሲወራወሩ ያድራሉ። ፍጥነት በጨመረ ቍጥር ይህ ይብሳል፤ በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያሳልፍ መስመር 100 ሜጋቢት ከሚያሳልፈው ይልቅ በባዶውም ብዙ ይበላል። ጭነኛይቱ በቅሎ በጋጣ ተኝታ ሳለ፥ ኮርቻ ተጭኖ ልጓም ጎርሶ ሌሊቱን ሁሉ በቆመበት መሬት ሲደበድብ የሚያድር የጦር ፈረስ ማለት ነው። ፈረሱ የተጫነው ጦር ስለ መጣ አይደለም፤ ይመጣ ይሆናል ተብሎ ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ ቢሆን «ነቃ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ወዲያው ይቆም ነበር። ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ነቃ ይባላል፤ የተሰነጠቀ ማሰሮም ነቃ ይባላል። በሰሙ ትጉህ ዘበኛ ያለ ይመስላል፤ በወርቁ ውኃ ሲያፈስ የሚያድር ማሰሮ ተቀምጧል። የሣጥኒቱ ንቃት ከሁለቱ የትኛው ነው?

ልጁ «የከፈልሁበት ነው» ላለው መንዝ የራሱ የቆየ መልስ አለው። ጓሳ በሚባለው ውርጫማ ሥፍራ፥ የአስቦና የገራ ተወላጆች የሆኑ ባለ ርስቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሣሩን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ የሚለበስ ገሳም ይሠራበታል። ሆኖም ባለ መብት የሆነ ሁሉ በፈለገ ቀን ማጭድ ይዞ አይገባም ነበር። ሜዳው 3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ያርፋል፤ ሽማግሎች በፈቀዱ ጊዜ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በመሬት ዐዋጅ ጊዜ ፈረሰ፤ ሥፍራው ግን ዛሬም በማኅበረ ሰቡ ጥበቃ ሥር አለ። እነዚያ አባቶች ርስትነታቸውን አልካዱም፤ «የእኔ ነው» ማለትና «ዛሬ ልጨደው» ማለት ሁለት ነገር መሆኑን ያውቁ ነበር እንጂ።

የመብራትም ነገር ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ መብራት ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው ከወንዝ ውኃ የሚገኝ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከደመወዝተኛው፥ ከነጋዴው፥ ከካህኑና ከተማሪው በቦንድና በስጦታ በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር ተሠርቷል፤ መብራት ያልገባለት ገበሬ እንኳ አዋጥቶበታል። ይህ ገበሬ ከግድቡ ያገኘው ገና ተስፋ ብቻ ነው። ሌሊት ያልተፈጀው ኃይል ደግሞ ከግድቡ ጀርባ ውኃ ሆኖ ለነገ ይጠብቃል። ባለ ሣጥኑ በየወሩ ለቈጣሪው የሚከፍለው ብር ለሻጩ ያለበትን ዕዳ ይዘጋል፤ በጨለማ ተቀምጦ ካዋጣው ሰው ጋር ያለበትን ሒሳብ ግን ቈጣሪው አያነበውም።

«ኢምንት ነው» ያለውም እውነት ነው፤ ለአንድ ቤት። በአሜሪካ ግን በፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 በየቤቱ ያሉት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሣጥኖች በዓመቱ 8.3 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደ ፈጁ ተሰልቶ ነበር። ሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታሰበው 15.7 ቢሊዮን ገደማ ነው። ኢምንት ከኢምንት ተደምሮ የዓባይን እኩሌታ ጠጣ ማለት ነው። ጌታም በአምስት እንጀራ አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ማዘዙን ወንጌል ይነግረናል። እንጀራው ያለ ዋጋ የተገኘ ነበር፤ ነገም ሌላ ማበርከት የሚሳነው አልነበረም፤ ሆኖም የተረፈው 12 መሶብ ሙሉ ሆኖ ተነሣ። ፍርፋሪ የሚለቀመው ውድ ስለ ሆነ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ ቀን ባልተለቀመ ነበር።

ይህ ሁሉ ለእናቲቱ የሚፈርድ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ሳያነሣው የቀረ፥ ከሁለቱ ቃሉ ይልቅ የሚበረታ መልስ ነበረ፤ እርሱም የእኅቱ መደወል ነው። ንቃት ለሰው የሆነ እንደ ሆነ ማንም ብክነት አይለውም። ካህናት ሌሊቱን ሁሉ በማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ በኦሪቱ ድንኳን መብራቱ ከማታ እስከ ጧት እንዲበራ ታዝዞ ነበር፤ አስታማሚም ከበሽተኛው ራስጌ ሻማ አያጠፋም። በዚያች ሌሊት ከሶኬቱ ጋር የተነቀለው የልጇ ድምፅ ነው፤ እናቲቱም ይህን ስታውቅ እጅግ አዘነች።

ስለ ዐሥሩ ደናግል ሲነገር ብዙ ሰው ልባሞቹን ነቅተው ያደሩ አድርጎ ያስባቸዋል። ወንጌሉ ግን ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ዐሥሩም እንዳንቀላፉ ይመሰክራል። አምስቱን ልባሞች ያሰኛቸው በተጠሩ ጊዜ የሚያበሩት ዘይት ማስቀመጣቸው ነው እንጂ አለመተኛታቸው አይደለም። ይህም የቀየቷ እመቤት ፍም ነው፤ ተኝቶ የሚጠብቅ፥ ሲጠሩት የሚነሣ።

መሐንዲሶችም ዘግይተው ወደዚህ ደርሰዋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2010 የጸደቀ አንድ የሽቦ መስመር ደንብ አለ፤ በእርሱ የሚሠሩ መሣሪያዎች የሚላክ ነገር በሌለ ጊዜ መስመሩን ያስተኙታል፤ በመጣ ጊዜም ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያነሡታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ሥራ ፈትተው ሲጠብቁ ከ8 ዋት እንዳያልፉ ወስኗል። የ2010ሩ ብልሃት ግን አንድ ጠባይ አለው፤ በሽቦው ሁለት ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ሁለቱም ደንቡን ካላወቁ አይሠራም፤ አንዱ ባያውቅ ሌላውም ሳይተኛ ያድራል። በብዙ ሣጥኖች ውስጥ የአየሩን ሞገድ በተወሰነ ሰዓት የሚያጠፋ ትእዛዝ ይገኛል፤ ገብቶ የሚያዝዘው ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በእናቶች እጅና በልጆች ቍጣ ላይ ከመተው፥ ሣጥን ሠሪው እሳቱን ሲሸጥ ዐመዱን አብሮ እንዲሸጥ ማስገደድ ይሻላል። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ቤት ለራሱ መዳፈን አለበት።

በዚያ ቤት ልጁ ከእኅቱ ጋር ተነጋገረ። ሌሊት የምትደውለው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ፤ ድንገተኛ ነገር የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ በስልኩ ቍጥር እንድትጠራው ተነጋገሩ። እናቲቱም ማታ ማታ ባናዋን ደርባ ወደ መደርደሪያው ትሄድና «ዛሬ ማን ይጠራናል?» ትለዋለች። «እኅቴ ትደውላለች» ያላት እንደ ሆነ ሣጥኒቱን ትታት ትተኛለች። «ዛሬስ ማንም የለም፥ እናቴ» ያላት እንደ ሆነ ጎንበስ ብላ ገመዱን ትነቅላለች። በቀየት ባለው ቤቷም በዚያው ሰዓት ምራቷ ፍሙን በዐመድ ትዳፍናለች።