የተቆጠበው ከማን ላይ ነው?

ቁጠባን በአደባባይ የሚያወግዝ ሰው አላጋጠመኝም። ባንኩ ያወድሰዋል፤ ሬዲዮው ይመክረዋል፤ በየመስጂዱም ስለ ኢስራፍ አስከፊነት የሚሰጠው ትምህርት ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። አንድን ነገር ሁሉም ሰው እንዲህ ተስማምቶ ሲያሞግሰው ግን ትንሽ ቆም ብሎ መመርመር ሳይበጅ አይቀርም። በአንድ ቤት ውስጥ «ቆጠብን» ሲባል ወጪው የቀረለት ኪስ እንዳለ ሁሉ ድካሙ ያረፈበት ትከሻም ይኖራል። ስለ ኪሱ ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ መጠየቅ የፈለግሁት ስለ ትከሻው ነው።

ጥያቄውን ያመጣው ኑሮው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ድሮ ካውያ ሲበላሽ ለቁራሌው ይሸጥና ሌላ ይገዛ ነበር፤ አሁን ባለቤቱ ካቻቢቴ ፈልጎ ጀርባውን ፈትቶ ያያል። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ በማለቱ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ አምፖል የሚያጠፋ አባወራ በዝቷል። እኔም ከአጥፊዎቹ (አምፖል ማለቴ ነው) ወገን ነኝ።

የቤት ዕቃ አበላሸትን በጥሞና ያስተዋለ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። «ሞተ» ከሚባለው ዕቃ ብዙው አልሞተም። ካውያ አልሞቅ ሲል ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው፤ ያውም እጀታው አጠገብ፣ በየቀኑ በሚተጣጠፍበት ቦታ፣ ከላይ ሳይታወቅ ውስጡ ያለው ቀጭን መዳብ ተበጣጥሶ። ከስፒናው ነቅሎ፣ ገመዱን በገመድ መተካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፍሪጅ «አልቀዘቅዝ አለኝ» ሲባልም ጋዙ አልቋል ከማለት በፊት ጀርባውን ማየት ይገባል። ሙቀት የሚያስወጣው ፍርግርግ አቧራ ከለበሰ ሞተሩ ያለ ፋታ ይሠራል፤ ቆጣሪውም አብሮት ይሮጣል። የበሩ ጎማ መድከም አለመድከሙን ለመፈተን ደግሞ አንድ የብር ኖት በሩ መካከል አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ይበቃል። ኖቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ብርዱም በዚያው በኩል እየወጣ ነው ማለት ነው። (የብር ኖት በዚህ ዘመን ከሚሰጣቸው አስተማማኝ አገልግሎቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።)

የሚንጠባጠብ ቧንቧንም እንውሰድ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ቢወርድና 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል። በወር 130 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ሞልቶ ይተርፋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉበት የነበረው ውኃ አንድ ሙድ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ሙድ በዛሬው ልኬት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ከዚያ ቧንቧ በአንድ ቀን የፈሰሰው ለአምስቱም ወቅት ሶላት ውዱእ በበቃ ነበር። መንስኤው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲም የማትበልጥ፣ ያረጀች ጎማ ናት።

እኛ «የተማርን» የምንባለው ሰዎች በዚህ በኩል ጉድለታችን ብዙ ነው። የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያለፈ ባለ ዲግሪ የስፒና ሽቦ ለመቀየር የሰፈር ልጅ ያስጠራል። ነገሩ የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በእጅ የሚሠራን ሰው አሳንሶ የማየት የቆየ በሽታም አለበት። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንጠራ የኖርንባቸው ስሞች ዛሬ ለመድገም እንኳ ያሳፍራሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ግን ነቢዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ጫማቸውን እንደሚጠግኑና ልብሳቸውን እንደሚሰፉ ተናግራለች። ነቢዩላህ ዳውድም ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሐዲስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ መያዝ የሚያሳፍረው ሰው ኀፍረቱን ከዲኑ አላገኘውም።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በዘጠነኛው የሚላዲ ክፍለ ዘመን በኢራቅ በበስራ ይኖር የነበረው ታላቁ ጸሐፊ አል ጃሒዝ ስለ ስስታሞች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ «ኪታብ አል ቡኸላእ» ይባላል። በመጽሐፉ ውስጥ መስጂድ ተሰብስበው የቁጠባ ዘዴ የሚለዋወጡ የበስራ ሰዎች አሉ። አንደኛው የጉድጓድ ውኃ አጠቃቀሙን ይተርካል፤ ሌላው የእሱን ያክላል። የዑድሒያ በግ የተሰጣት አንዲት ሴት ታሪክም አለ። ሴትዮዋ ከቀንዱ እስከ አንጀቱ፣ ከቆዳው እስከ ፈርሱ ለእያንዳንዱ ነገር ጥቅም ታገኝለታለች፤ የቀረው ደሙ ብቻ ነው። ደም ለምግብ ሐራም ነውና ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ታዝናለች፤ በመጨረሻ አዳዲስ ድስቶቿን ለማሟሸት እንደሚጠቅም ትዝ ሲላት ጭንቀቷ ይለቃታል። ጃሒዝ ይህን ሲጽፍ እየሳቀ ነው፤ ነገር ግን እንደሚያደንቃትም ያስታውቃል። እኔም ብሆን በዐረፋ ማግሥት ቆዳው በየመንገዱ ተጥሎ ሲሸት ሳይ ይህችን ሴት አስታውሳታለሁ።

ከሁሉ በላይ ልብ ያልሁት ግን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያነሳው ነገር ነው። ስስታሞቹ ንፍገታቸውን «ኢስላሕ» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ይነግረናል። ኢስላሕ በዐረብኛ ማስተካከል፣ ማቃናት ማለት ነው፤ የተበላሸ ዕቃ መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። አያችሁ? ጠጋኙና ስስታሙ በአንድ ስም ይጠራሉ። በአማርኛም ቢሆን ቆጣቢና ቋጣሪ ለጆሮ ያን ያህል የራቁ አይደሉም። ታዲያ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩትን እነዚህን ሁለት ሰዎች በምን እንለያቸው?

የተለመደው መልስ መካከለኛው መንገድ የሚለው ነው፤ ቁርኣንም ያባካኝነትንም የቆንቋናነትንም መንገድ ነቅፎ በሁለቱ መካከል ያሉትን ያወድሳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መካከሉ ለማን መካከል እንደሆነ ካልተጠየቀ ማንም ሰው የቆመበትን ቦታ መካከል ነው ይላል። እኔ የያዝሁት መለያ ይህ ነው፦ ቆጣቢ የራሱን ድካም ይከፍላል፤ ቋጣሪ የሌላውን ያስከፍላል።

የእንጀራ ምጣዱን ነገር እንየው። የመብራት ሒሳብ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ተከሳሽ እሱ ነው፤ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባልና ክሱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በአንዳንድ ቤት ታዲያ ፍርዱ በአባወራው ተሰጥቶ ምጣዱ ይቀመጥና ጋገራው ወደ እንጨት ይመለሳል። በወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳቡ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ቁጠባው በወረቀት ላይ ይታያል። ጭሱ ግን በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። በሚስቱ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ነው የሚጻፈው፤ ፈራጁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥራ ቦታው ነው። ባልና ሚስት ተመካክረው የጋገራውን ቀን በሳምንት ወደ አንድ ቢያመጡት፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳይጠፋ ሁሉም ተጋግሮ ቢያልቅ፣ ከማክተሚያው ጥቂት ቀደም ብሎ ተነቅሎ የመጨረሻው እንጀራ በቀረው ግለት ቢበስል፣ ይህም ቁጠባ ነው፤ ማንም ግን ስለ ማንም አልታፈነም።

ይኸው ምጣድ ሌላም ነገር ያስተምራል። በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይወስዳል፤ በየቤታችን የተለመደው ሶኬት ደግሞ የሚሠራው እስከ 16 አምፔር ለመሸከም ነው። ስለዚህ ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ በአምፖል ገመድ የሚያገናኘው፣ ፊውዝ ሲቃጠልበት በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ የሚቀጥለው ሰው ግን አለ፤ «እኔው ሠራሁት» ብሎም ይኮራል። ፊውዝ የተሠራው እንዲቃጠል ነው። እሱ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ግድግዳ ተጋርቶ፣ ከአንድ ቆጣሪ ተስቦ በሚኖርበት ከተማ ይህ ሰው የቆጠበው ከራሱ ሳይሆን ከጎረቤቶቹ እንቅልፍ ላይ ነው። በፊቅህ ጉዳት ይወገዳል የሚለው ቃዒዳ ከታላላቆቹ መሠረቶች አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህም የተነሣ በገዛ እጃችን የማንነካቸው ነገሮች አሉ። ማይክሮዌቭ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥንም እንደዚሁ ነው። ቆጣሪውንማ ፈትቶ መነካካት ጥገናም ቁጠባም አይደለም፤ ስርቆት ነው፣ ባለቤቱም ሕዝብ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አነሳብኝ። «ሁሉም የየራሱን ከጠገነ ያ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሬዲዮና ካውያ የሚጠግነው ልጅ ምን ይብላ?» አለኝ። ጥያቄው ተራ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው የዚህ ከተማ ስንት እንጀራ ከአሮጌ ዕቃ ላይ እንደሚበስል ያውቃል፤ የዘይት በርሜል ከሰል ምድጃ የሚሆነው፣ ያረጀ ቆርቆሮ ሌላ ዕድሜ የሚያገኘው እዚያ ነው። ይሁንና ለጠጋኙ የሚጎዳው ካውያዬን ራሴ መጠገኔ አይመስለኝም። የሚጎዳው፣ ካስጠገነ በኋላ ዋጋ የሚከራከረው «ቆጣቢ» ነው። ልጁ ሁለት ሰዓት ፈልጎ ጥፋቱን ያገኘዋል፤ በአምስት ደቂቃ ይቀይረዋል፤ ደንበኛው አምስቱን ደቂቃ ብቻ አይቶ «ለዚች ብለህ ነው?» ይለዋል። የተሸጠው ዕውቀቱ ነው እንጂ ቁራጭ ሽቦው አይደለም። በኢስላም የሠራተኛ ዋጋ ከሥራው በፊት መታወቅ አለበት፤ ተዋውሎ ሙሉውን መክፈል፣ አሊያም አስቀድሞ ራስን መቻል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የሰው ላብ ላይ መደራደር ነው፤ ያንን ደግሞ ቁጠባ ብዬ ልጠራው አልችልም።

የመጨረሻው ትከሻ በየቤታችን ያለች፣ ስሟ ብዙ ጊዜ «ልጅቷ» የሆነው የቤት ሠራተኛ ናት። ኑሮ ሲከብድ የሻይዋ ስኳር ቀድሞ ይቀነሳል፤ የክፍሏ አምፖል ቀድሞ ይጠፋል። በእጃችን ሥር ያሉትን ከምንበላው እንድናበላ፣ ከአቅማቸው በላይም እንዳንጭንባቸው ያዘዘውን ሐዲስ እናውቀዋለን፤ በኹጥባም ሰምተነዋል፤ ስንሰማም ራሳችንን ነቅንቀናል።

የማውቀው አንድ ቤት አለ። አባወራው እጁ የሚሠራ ሰው ነው፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራ ባለ ዕለት ማታውኑ ፈትቶ፣ አጽድቶ ገጥሞታል። በዚያው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውኃ አላስወጣ ብሎ ሰባት ወር ተቀምጧል። የአምስት ሰው ልብስ፣ አንሶላውና መጋረጃው ሳይቀር፣ በሳፋ ይታጠብ ነበር። ለምን እንዳላስጠገነው ስጠይቀው በቅን ልቦና የመለሰልኝ «ምን አስቸኮለኝ፤ ልጅቷ አለች፤ መብራቱም ይቆጠባል» ብሎ ነው። በስምንተኛው ወር ልጅቷ ለቅቃ ወደ አገሯ ገባች። ማሽኑ በዚያው ሳምንት ተከፈተ። ከፊት ለፊት በግርጌው በኩል ባለችው ማጣሪያ ውስጥ አንድ ሳንቲምና አንድ የሕፃን ካልሲ ተገኘ። ማጣሪያዋ በእጅ ተጠምዝዛ የምትከፈት ነበረች፤ ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገም።