አዛዥ አጥንት

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር እስከ መንዝ፣ አጥንት መቁጠር ማለት የትውልድን ሐረግ እስከ ቀደምት አባት መዘርዘር ሲሆን፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እስኪሆን ድረስም የርስት ይገባኛል ክርክር በዚሁ ቆጠራ ይደገፍ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የነቢዩ ኤልሳዕን አፅም የነካ ሙት መነሣቱን የሚናገር በመሆኑ፣ አጥንትን እንደ በድን ነገር አያይም።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ግን አጥንትን ለረጅም ጊዜ የቆጠሩት የሥጋ ምሰሶና የካልሲየም ጎተራ አድርገው ነው። ዛሬ ከአጥንት ሕዋሳት የሚመነጨው ኤፍጂኤፍ-23 የተባለ ሆርሞን፣ ማለትም በደም ተጉዞ ሌላውን አካል የሚያዝ ንጥረ ነገር፣ ኩላሊት ትርፍ ፎስፌትን በሽንት እንዲያስወግድ እንደሚያደርግ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የተመራማሪው የጄራርድ ካርሴንቲ ቡድን፣ አጥንት ገንቢ ሕዋሳት የሚሠሩት ኦስቲዮካልሲን የተባለ ፕሮቲን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ በማነሣሣት ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበትን ሥርዓት እንደሚመራ በአይጦች ላይ አሳየ፤ ይሁንና በ2020 የወጡ ሁለት ጥናቶች ኦስቲዮካልሲን በሌላቸው አይጦች ላይ የስኳር መዛባት ስላላገኙ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ታዲያ አጥንት ሌላውን አካል ያዛል የሚለው ግኝት፣ አጥንት በድን አይደለም የሚለውን የአባቶችን እምነት ያረጋግጣልን? አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም አጥንት ቆጣሪው የጠየቀው «የማን ነኝ?» ብሎ እንጂ «ስኳሬ ስንት ነው?» ብሎ አይደለም። ግኝቱ የሚያናጋው ሌላ አሳብ ነው፤ እርሱም በሰውነት ውስጥ አንዱ ክፍል ሁልጊዜ አዛዥ፣ ሌላው ሁልጊዜ ታዛዥ ነው የሚለው ነው። የኤልሳዕ አፅም ግን ከቆሽት ምስክርነት አይጠብቅም።