ሸኚዋ

አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ አገራቸው ጀርመን፣ ከተማቸው ኮሎኝ። እሱ ማሽን ጠጋኝ፣ እሷ ነርስ። ያጠራቀሙትን ገንዘብ አወጡ፤ አንድ 660 ሲሲ ያማሃ ገዙ፤ የቤታቸውን ዕቃ በየዘመዱ ምድር ቤት አስቀመጡና «አፍሪካን ከላይ እስከ ታች እንወርዳታለን» ብለው ተነሡ። ጊዜው የሱዳን መንገድ በጦርነት ሳይዘጋ፣ በግብፅና በሱዳን መካከልም የየብሱ ኬላ ገና ሳይከፈት ነው፤ እንግዲህ እ.ኤ.አ. ከ2014 በፊት መሆኑ ነው።

ባል ይነዳል፣ ሚስት ትፈናጠጣለች። መንጃ ፈቃድ አልነበራትም፤ ማውጣትም አልፈለገችም። በራስ ቁራቸው ውስጥ የተገጠመው መነጋገሪያ ገና ግብፅ ሳይደርሱ ተበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ የሚግባቡት በእጅ ሆነ። ትከሻውን አንዴ መታ ካደረገችው «ቁም» ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ «እይ»፤ በጉልበቷ ጎኑን ጫን ካለችው «ቀስ በል»።

ባል በደረት ኪሱ አንድ ደብተር ይዟል። ካርኔ ይሉታል። ሞተሩን ይዘው ሲገቡ ቀረጥ እንዳይከፍሉ የአገራቸው አውቶሞቢል ክለብ ዋስ የሚሆንበት ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፤ አንዱን ሲገቡ ጉምሩክ ይቀደዋል፣ አንዱን ሲወጡ፤ ሦስተኛው ጉርድ ማኅተሞቹን ይዞ ከደብተሩ ጋር ይቀራል። ሞተሩ ገብቶ ካልወጣ ያ አገር ቀረጡን ክለቡን ይጠይቃል፤ ክለቡ ደግሞ ባልና ሚስቱ ካስያዙት ገንዘብ ላይ ያነሣል። ስለዚህ ባል ከፓስፖርቱ ይልቅ ለካርኔው ይሳሳ ነበር። ሌሊት ትራሱ ሥር ያደርገዋል።

አስዋን ላይ ሰውና ሞተር ተለያዩ። ወደ ዋዲ ሃልፋ የሚሻገረው የሰው መርከብ በሳምንት አንዴ ነው፤ ተሽከርካሪ የሚጭነው ጀልባ ደግሞ ለብቻው፣ ቀናት ዘግይቶ ይመጣል። ዋዲ ሃልፋ ላይ ባል ጠዋትም ማታም ወደቡ ድረስ እየወረደ ውሃውን ያያል። ሚስት በእነዚያ ቀናት የሻይ ሻጮቹን ሴቶች ስም ሁሉ አወቀች፤ የማንኛዋ ልጅ ካርቱም እንደሚማር፣ የማንኛዋ ባል ወደ ሳዑዲ ሄዶ እንደቀረ ጭምር።

በመተማ ገብተው፣ በጎንደር አድርገው፣ ወደ ጎጃም ወረዱ። የእኛን አገር በሞተር ያቋረጠ ፈረንጅ ሁሉ የሚያነሣው ነገር አለ፦ «ዩ! ዩ! ዩ!» እያሉ ከመንገድ ዳር የሚሮጡ ልጆች፣ አልፎ አልፎም የሚወረወር ድንጋይ። ብናፍርበትም እውነት ነው። ደብረ ማርቆስን ካለፉ በኋላ አንዲት ጠጠር የሚስትየዋን የራስ ቁር ቋ አደረገችው። ባል ድምፁን ሰምቶ ነዳጅ ሰጠ። እሷ ግን ዞር ብላ አየች። ወርዋሪው ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በገዛ ሥራው ደንግጦ በእናቱ ነጠላ ውስጥ ተሸጉጧል። እናትየው በአንድ እጇ ጆሮውን ይዛ ትቆነጥጠዋለች፣ በሌላው ለእንግዶቹ ይቅርታ በሚመስል ሁኔታ እጅ ትነሣለች። ማታ ባል በማስታወሻው ላይ «ድንጋይ ተወረወረብን» ብሎ ጻፈ። ሚስት «እናቱ ቆነጠጠችው» ብላ ጻፈች። ሁለቱም አልዋሹም።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ፍሬኑ ጋለ። ባል ዓይኑን ከመታጠፊያው ሳይነቅል ወረደ። ጃፓኖች ከረዱት አዲሱ ድልድይ ሲደርሱ ቆመና «ሸለቆው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ፍሬኑ እስኪበርድ ነገረችው።

ነገሩ የሆነው ኬንያ ከገቡ በኋላ ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሞተረኛ ሁሉ ከሩቅ የሚፈራው ነበር። ዲዳ ገልገሉ በሚባለው ሜዳ ላይ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ እስከ አድማስ ተበትኗል፤ ኮረኮንቹ በከባድ መኪና ጎማ ተሸንሽኖ ጥርስ ያንገጫግጫል። እዚያ መሐል የኋላው ሾክ አብዞርበር መጀመሪያ ዘይቱን ተፋ፣ ቀጥሎ ተሰበረ። ከስንት ሰዓት በኋላ ፍየል የጫነ ሎሪ መጣ። ሰው ተረባርቦ ሞተሩን ወደ ላይ አነሣው። ባል ሞተሩ እንዳይወድቅ በገመድ ይዞት ከፍየሎቹ መሐል ታች ቀረ፤ ሚስት ከረዳቱ ጋር ላይ፣ ከብረቱ አጥር ላይ ተቀመጠች።

ሎሪው ይንገራገጫል፤ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ረዳቱ ከኪሱ ጫት አውጥቶ «እንካ» አላት፤ በአማርኛ ነው፣ ሞያሌ የሁለት አገር ናትና፤ ሴት መሆኗን የሚለይ አማርኛ ግን አልነበረውም። ሳቀችና አመሰገነችው። ያኔ አንድ ነገር ተሰማት፦ ጠገበች። ደክሟት አይደለም፣ ሰልችቷትም አይደለም። ጥሩ ምሳ የበላ ሰው «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጁን እንደሚሰበስበው ያለ ነው። ምን ፍለጋ እንደ መጣች እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር፤ ሲሞላላት አወቀችው።

ለባሏ አልነገረችውም። ማርሳቢት ላይ እሱ ከብየዳ ቤት ብየዳ ቤት ሲዞር ውሃ እያቀበለች አብራው ዞረች። ሾኩ እዚያ ተበየደ፣ ናይሮቢ ላይ ተቀየረ። እንደ ገና ተፈናጠጠች።

ታንዛንያንና ዛምቢያን በጥድፊያ አለፉ። ካዙንጉላ ላይ ዛምቤዚን በጀልባ ተሻገሩ፤ ድልድዩ ገና አልተሠራም። ቦትስዋና ሲገቡ ካርኔው የመጨረሻውን የመግቢያ ማኅተም አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ደቡብ አፍሪካ አንድ የጉምሩክ ኅብረት ነው። ስለዚህ መንገድ እኔ ብዙ የምለው የለኝም፤ ባል ግን ብዙ ፎቶ አለው። ሚስት እንደ ድሮው ዝሆን ስታይ፣ ጨረቃ ስታይ ትከሻውን ሁለቴ መታ ታደርገዋለች።

ኬፕ ታውን ደረሱና በማግስቱ ወደ መልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ወረዱ። እዚያ ከባሕሩ ፊት አንድ ሰሌዳ ቆሟል፤ ቱሪስቱ በአውቶቡስ እየመጣ ተሰልፎ ፎቶ ይነሣበታል። ተራቸው ሲደርስ ባል ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ደረስን!» አለ። ሚስት ጽሑፉን አነበበችና «የአፍሪካ ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ ነው የሚለው» አለችው። ይህን እሱም ያውቃል። የአህጉሩ እውነተኛ ደቡባዊ ጫፍ ኬፕ አጉላስ ነው፤ ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይርቃል። የሚገርመው፣ ባል ይህን በመስማቱ ደስ አለው። ገና መንገድ አለ ማለት ነው።

አጉላስ ግርማ ያለው ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1849 መጀመሪያ የበራ የመርከብ መብራት ማማ፣ ዝቅ ያለ ድንጋያማ ዳርቻ፣ ሕንድ ውቅያኖስን በስተግራ፣ አትላንቲክን በስተቀኝ የሚያመለክት የድንጋይ ምልክት፣ ብዙ ነፋስ። ሞተር እስከ ምልክቱ አይገባም፤ ከመኪና ማቆሚያው ትተውት በእግር ሄዱ። ባል ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። የሁለቱ ውቅያኖስ ውሃ ቀለሙ እንኳ አይለይም። ቆይቶ እንዲህ አለ፦

«ናሚቢያ እኮ ቅርብ ናት። በናሚቢያ አድርገን፣ አንጎላን አቋርጠን፣ በምዕራቡ በኩል ብንመለስስ?»

ሚስት ትከሻውን አንዴ መታ አደረገችው።

«ምነው?»

«እኔ ደርሻለሁ።»

«ሁለታችንም ደርሰን የለም እንዴ?»

«እኔ የደረስኩት ማርሳቢት ሳንገባ ነው። እዚያ ሎሪ ላይ።»

ባል ተቆጣ። አንድ ሙሉ የአፍሪካ ግማሽ ብቻውን የነዳ ሆኖ ተሰማው። «ታዲያ ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ የነበረው ማነው?» አላት።

«እኔው ነኝ። እየሸኘሁህ ነበር።»

በዚያው ወደ ኬፕ ታውን ተመለሱ። ሞተሩ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መርከብ ላይ ተጫነ፤ የጉምሩኩ ሹም ቀና ብሎ ሳያያቸው የመውጫውን ማኅተም መታ። በወረቀት ደረጃ ጉዞው እዚያ አለቀ።

ኮሎኝ እንደ ገቡ ሚስት ወደ ሆስፒታሏ ተመለሰች። ሣጥኑ በሃምቡርግ ወደብ በኩል መጥቶ ከተከራዩት ቤት ሥር ካለው ጋራዥ ገባ፤ ባል ግን አልከፈተውም። ካርኔውንም መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ደብተሩ ማኅተሙ ሳይጎድል ወደ ክለቡ ሲመለስ መያዣው ይለቀቃል። ክለቡ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደገመ። ገንዘቡም የሚናቅ አልነበረም፤ ኪራይ አለባቸው፣ የቤት ዕቃ ያንሳቸዋል። ባል «ነገ እልከዋለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ የምዕራብ አፍሪካን ካርታ ዘርግቶ ይገኛል።

ሚስት ደብተሩ የት እንዳለ ታውቃለች። ፖስታ ቤቱ ወደ ሥራ የምትሄድበት መንገድ ላይ ነው። ክለቡ የሚፈልገው ወረቀቱን እንጂ የላኪውን ማንነት አይደለም። እናቷ «አንቺ ለምን አትልኪውም? ስንት ብር ተቀምጦ!» አለቻት። «የእኔ ጉዞ ቢሆን እልከው ነበር» አለች።

በረዶው መውደቅ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ባል ወደ ጋራዡ ወርዶ ሣጥኑን ፈታ። የሞተሩን ሆድ ከድንጋይ የሚከላከለውን ብረት ሲያወልቅ ከውስጥ በኩል ደርቆ የተጣበቀ ቀይ ጭቃ አገኘ። ከየት አገር እንደያዙት ማሰብ አቃተው። እሱ መንገዱን ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ያውቀዋል፣ ጭቃ ግን ትዝ አይለውም። ሚስቱን ጠራት።

«የጎጃም ነው» አለች ወዲያው። «ድንጋይ የተወረወረብን ቀን። ዘንቦ ነበር እኮ።»

«ዘንቦ ነበር?»

«እናቱ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር።»

ባል ካቻቢቴውን አስቀምጦ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «እስቲ ንገሪኝ» አላት። ከሻይ ሻጮቹ ጀመረች። ብርዱ ሲጠና ወደ ቤት ወጡ፤ ሾርባ እየበሉ ቀጠለች፤ እሑድም እንዲሁ። እሱ የጎደለውን ስም፣ ርቀት፣ የተበላሸ ዕቃ ይሞላል፤ እሷ ሰዉን፣ ሰማዩን፣ ከብቱን ትናገራለች። ሎሪው ላይ ስትደርስ «እዚያ ምን ሆንሽ?» ብሎ አስቆማት፤ የተጠየቀችው ያኔ ገና ነው። እሑድ ማታ አጉላስ ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ባል ካርኔውን ፖስታ ውስጥ ከተተና «ፖስታ ቤቱ የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ፍቺው ረጅም አይደለም፦ በአንድ ኮርቻ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን አይደርሱም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ለሁለቱ አንድ ነው፤ መድረስ ግን ለየብቻ ነው።

በእውነቱ ዓለም ክላውዲያ ሜትዝና ክላውስ ሹበርት የሚባሉ ጀርመናውያን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በሁለት ያማሃ ወደ ጃፓን ብለው ከአገራቸው ወጥተው የተመለሱት ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ሰው በዓመቱ ብዛት ይደነቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሁለት ሰው እንዴት ተስማምቶ «እንግዲህ እንመለስ» እንደሚል ነው፤ መሄድ እኮ የሚያስማማ ነገር ነው፣ ማብቃት ነው የሚያጣላው። በዋሽንግተን ይሁን በፍራንክፈርት፣ «አንድ ቀን አገራችን እንገባለን» ሲሉ ዓመታት ያለፏቸው ባልና ሚስት ቤት ቡና የጠጣ ሰው ይህን ያለ አስረጅ ይረዳዋል። አንዱ ቤት አስጀምሯል፣ ጣሪያ አልብሷል፣ በልቡ ገብቷል፤ ሌላው ገና የልጆቹን ትምህርትና የጡረታውን ዓመት ይቆጥራል። ጠቡ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይመስላል።

በእኛ ወግ ሸኚ ወንዙ ድረስ ሄዶ፣ ስሞ ይመለሳል። ይህች ሴት እስከ አህጉር ዳር ሸኘች፤ ከዚያም ቤት ድረስ መልሳ አመጣች። አበዛችው የሚሉ አሉ፤ ማርሳቢት ላይ ለምን አልነገረችውም ይላሉ። እዚያስ ልክ ነበረች። ሾኩ ተሰብሮበት፣ እጁ ግራሶ ነክቶት፣ በማያውቀው አገር በየብየዳ ቤቱ ለሚንከራተት ሰው «እኔ ደርሻለሁ» ብትለው በጆሮው የሚገባው «ሰልችተኸኛል» ነው። ናይሮቢ ላይ ግን ሾኩ ተቀይሯል፣ ሁለቱም ገላቸውን ታጥበው ሻይ እየጠጡ ነው፤ እዚያ ዝም ያለችበትን ምክንያት እኔም አላገኘሁትም። ያኔ ብትነግረው መጀመሪያ ያኮርፍ ነበር፣ አይቀርም። ከኋላው ያለችው ሸኚ መሆኗን እያወቀ ቢነዳ ግን ዛምቢያን እንደዚያ በጥድፊያ ባላቋረጣት።