ከደዌ ጋር የሚያድግ ሕፃን የማን ዕዳ ነው?

አራት ሰዎች አንድ ሽባ በአልጋው ተሸክመው ወደ ጌታችን ባመጡት ጊዜ፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በበሩ መግባት ስላልተቻላቸው ጣራውን ነድለው እንዳወረዱት በወንጌል ተጽፏል። መምህራን ይህን ንባብ ሲተረጕሙ ስለ ሕሙሙ ስርየትና ፈውስ በሰፊው ያስተምራሉ፤ ስለ ተሸካሚዎቹ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ጌታችን የእነርሱን እምነት እንደ ተመለከተ ወንጌላዊው ሳይናገር አላለፈም። እኛም ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው የተሸካሚዎቹን ነገር ነው፤ ይኸውም ልጁ በማይለቅ ደዌ የተያዘበትን ቤተ ሰብ መርዳት የወደደ ብቻ የሚሰጠው ምጽዋት ነውን? ወይስ ሁላችን ያለብን ዕዳ ነው?

ደዌ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወባ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። ከሕፃኑ ጋር አብሮ የሚያድግ ደዌ ግን አለ። በልጅነቱ የስኳር በሽታ የያዘው ሕፃን ሰውነቱ ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ማዘጋጀት ስለሚሳነው፣ በየቀኑ በመርፌ ካልተሰጠው በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ይህ ነገር በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለው ልጅ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር፤ በ1922 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ግን አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። የሚጥል በሽታ ያለበትም ክኒኑን ሳያቋርጥ በየቀኑ መዋጥ አለበት። የጉሮሮ ሕመም መዘዙ ወደ ልቡ የደረሰበት ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የመድኃኒቱ መገኘት የነገሩ ፍጻሜ እንዳልሆነ ልብ እንበል። በገጠር የምትኖር እናት ማቀዝቀዣ ስለሌላት ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ታኖረዋለች፤ ሲያልቅም ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። አባት ለመሳፈሪያና ለማደሪያ በግ ይሸጣል፤ በጉ ሲያልቅ በሬው ይከተላል። ታላቂቱ እኅት ታናሹን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ሲታመም የሁለት ልጆች ዕድል ይጐዳል። በመጀመሪያው ወር ጎረቤት ሁሉ እንጀራና ወተት ይዞ ይጠይቃል። በሦስተኛው ዓመት ግን ማን ይመጣል? ጎረቤቱ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ርኅራኄ የሚነሣው አዲስ መከራ ሲታይ ነውና፣ የቆየውን መከራ ዓይን ይለምደዋል።

ሕዝባችን ለሞት የሚደርስበት መልካም ሥርዓት አለው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ቤት ለብዙ ቀን ሰው አያጣም። ማንም «ደስ ሲለኝ እመጣለሁ» አይልም፤ የቀረ ይቀጣልና። ልጁ ያልሞተበት፣ ነገር ግን ያልዳነበት ቤት ለየትኛው እድር ይመዝገብ? ለሬሳ የማይቀር ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ በሕይወት ላለው ሕፃን በፈቃድ የሚሰጥ ፍርፋሪ ብቻ ቢተው ፍርዱ የተስተካከለ አይመስለንም። ስለዚህ የማይቋረጥ ደዌ የማይቋረጥ ረድኤት ይሻል፤ ይህም ከአንድ ሰው ስሜት ይልቅ በሕግና በሥርዓት የሚጸና ነው እንላለን።

«በድሃ አገር ለአንድ ልጅ ዕድሜ ልክ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙዎች ይበቃ ነበር» የሚሉ አሉ። ቃሉ ጥበብ ይመስላል። ነገር ግን የሚጥል በሽታ ክኒንና የፔኒሲሊን መርፌ ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ናቸው፤ የሚከብደው መንገዱ ነው። የጎንደርና የጅማ ሆስፒታሎች በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶችን አሠልጥነው የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን በቅርብ እንዲከታተሉ ማድረጋቸው ይህን በተግባር አሳይቷል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ጤነኛው ለታመመው አስቀድሞ እንዲያዋጣ፣ የድሃ ድሃ የሆነውንም መንግሥት እንዲከፍልለት አድርጓል። ይህ በእድር ያደገ ሕዝብ የማያውቀው ሐሳብ አይደለም። መሳፈሪያውና የጠፋው የሥራ ቀን ግን ዛሬም በቤተ ሰቡ ጫንቃ ላይ ነው፤ ሰንበቴዎቻችንና ማኅበሮቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነበር።

ከድህነት ይልቅ የሚከብድ ሌላ ሸክም አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን በደሉን ከእርሱም ከወላጆቹም አራቀው። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ በየመንደሩ ይጠየቃል። ልጅ ሲወድቅ አረፋው እንዳይነካቸው የሚሸሹ ብዙዎች ናቸው፤ በሽታው ግን በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም። በዚህ ፍርሃት የተነሣ ልጃቸውን ከጓዳ የሚደብቁ ወላጆች አሉ፤ የተደበቀ ልጅ ደግሞ ሐኪምም ካህንም አያገኘውም።

በጠበል ስፍራ «እምነት ካለሽ መድኃኒቱን ተዪ» የሚል ቃል ሲነገር መስማታችን ያሳዝነናል። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሕፃን ብዙ ቀን አይቆይም። የቂሣርያው ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ለሕሙማንና ለድሆች ማረፊያ ያቆመ አባት ነው፤ ሲያስተምርም የሕክምናን ጥበብ እንዳንንቅ፣ ተስፋችንንም ሁሉ በእርሱ ላይ ብቻ እንዳንጥል መክሯል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መናገራቸውም ከዚህ ትምህርት የሚስማማ ነው። ጠበሉና መርፌው በአንድ ልጅ ሰውነት ላይ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ያልቀመሰ ልጅ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከጾም ግዴታ አሳርፏቸዋል። ሆኖም በዐቢይ ጾም ጧት ለልጇ ቁራሽ ስትሰጥ እጇ የሚንቀጠቀጥ እናት አለች፤ የነፍስ አባቷን ለመጠየቅም ታፍራለች። ካህኑ ሳይጠየቅ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ በዐውደ ምሕረት ቢናገረው ሌሎቹም እናቶች ይሰሙታል።