የዕረፍት ቀን ለማን እንደ ተሰጠ

ሰው ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ሲያርፍ፥ ዕረፍት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ አለመሥራት ነው ይላል። ዳሩ ግን በደራ፥ ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ አልፎ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማ፥ በደመወዝ የሚተዳደር አንድ አባወራ እሑድን እንዴት እንደሚውል ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን መልስ ቶሎ አይቀበለውም።

ከቅዳሴ በፊትም ከቅዳሴ በኋላም ያለው ሰዓት ሁሉ የተያዘ ነው። እህል ወደ ወፍጮ ቤት መላክ አለበት፤ ያረጀች እናት መጠየቅ አለባት፤ የእድር ገንዘብ ይከፈላል፤ በሰፈሩ ሐዘን የደረሰበት ሰው ካለ ልቅሶ መድረስ ግድ ነው። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው ውሻም አለ፤ አገሩ ቆላ ነውና ፀሐይ ሳይበረታ በገመድ ተይዞ ከከተማው ውጭ እስከ ግራሮቹ ድረስ ይወሰዳል። አባወራው ማታ ጋደም ሲል ከሥራ ቀን ይልቅ ደክሞ ይገኛል። ታዲያ ዐረፈ ይባላልን?

ብዙዎች አላረፈም ይላሉ፤ ይህ ፍርድ ግን ችኩል ነው። በሳምንቱ ቀን የሚደክመው ሰዓቱን ሸጦ ስለ ሆነ ነው፤ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ ግን ሰዓቱ የራሱ ነው፥ የሚሰጠውም ለወደደው ነው። የእግር ድካም ዕረፍትን አያፈርስም፤ እንዲያውም አልጋው ላይ ውሎ ልቡ ያላረፈ ሰው ስንት አለ! ስለዚህ በአባወራው ላይ የሚነሣው ጥያቄ ለምን ደከምህ የሚል አይደለም። በቤቱ ውስጥ ሌላ ማን ዐረፈ የሚል ነው።

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 23 ስለ ሰባተኛው ቀን ሲናገር፥ ቀኑ የተሰጠው በሬውና አህያው ያርፉ ዘንድ፥ የገረዲቱ ልጅና መጻተኛውም እፎይ ይሉ ዘንድ እንደ ሆነ ምክንያቱን ይገልጣል። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ትእዛዙ የተነገረው ለጌታው ሲሆን፥ ዕረፍቱ በስም የተቈጠረው ከእጁ በታች ላሉት ነው። በአገራችን ስለ ሰንበት ብዙ ተደክሟል። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ስደትን ታገሡ፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የትኛው ቀን ይከበር ለሚለው መልስ ተገኘ፤ የከበረው ቀን በየቤቱ እስከ ማን ድረስ ይደርሳል የሚለው ግን ጉባኤ የሚፈታው አይደለም።

ወደ ውሻው እንመለስ። በሬና አህያ በሕጉ በስም ተጠሩ፤ ውሻ አልተጠራም። ስሙ ስድብ ነው፥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ይባረራል። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሮ ይሄዳል፤ ምን እንደ ሠራ ሳይነገርለት፥ መሄዱ ብቻ ተጻፈለት። ውሻን በገመድ ይዞ ማንሸራሸር የፈረንጅ ልማድ ነው ብለው የሚሥቁ ሽማግሌዎች አሉ። ነገር ግን ሌሊት የሚጠብቅ፥ ቀን የሚታሰር እንስሳ በሳምንት አንዲት ሰዓት እግሩን ቢያፍታታ ምን ያሥቃል? (ገመዱን መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በደራ አጠገብ ባለው የድልፈቃር ጥብቅ ስፍራ የቆላ አጋዘን ይኖራልና፥ የአንዱ ዕረፍት ለሌላው ሽብር መሆን የለበትም።)

ውሻው ግን ይህችን ሰዓት የሚያገኘው በአባወራው ጽድቅ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱን እየጐተተ ይጮኻል፥ ጭራውን ይቈላል፥ በር ይቧጥጣል፤ ዝም ሊሉት አይቻልም። ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጠውም ይባላል፤ በዚያው ግቢ ውስጥ ግን የማታለቅስ አንዲት ልጅ አለች። ቀደም ሲል እህሉ ወደ ወፍጮ ቤት ይላካል ተብሎ ነበር፤ የምትሸከመው ማን እንደ ሆነች አልተነገረም። ከገጠር መጥታ በቤት አገልጋይነት የተቀጠረችው ልጅ ጌታዋ ገመዱን ይዞ ሳይወጣ እሳት አያይዛለች፤ የመጨረሻውን ሳሕን የምታጥበውም እርሱ ከተጋደመ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ያዝዛል፤ አባወራውም በመሥሪያ ቤቱ የሚያርፈው እንዲህ ባለ ሕግ ጥላ ሥር ነው። የቤት አገልጋዮችን የሥራ ሁኔታ ግን አዋጁ ሌላ ደንብ እንዲወስነው ለይቶ አቆየው። እንግዲህ የልጅቱ ሰንበት በአንድ ሰው ኅሊና ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል ማለት ነው።

በእሑድም ቢሆን ቤቱ ይበላል፥ እንግዳም ይመጣል፤ ማን ይሠራል? ይህ መልስ የሚገባው ክርክር ነው። ደግሞስ ብትፈታ ወዴት ትሄዳለች ይባላል። ወዴት እንደምትሄድ እርሷ ታውቃለች፤ የአገሯ ልጆች በከተማው አሉ፥ ቤተ ክርስቲያንም አለ፥ መተኛትም አለ። አባወራው ወደ ልቅሶ ሲሄድ ማንም ምክንያቱን አልመረመረውም። የሥራው ነገር ግን በእውነት ይከብዳል፤ ልጅቱ ወጥታ ሸክሙ ሁሉ በሚስቲቱ ላይ ቢወድቅ፥ ድካሙ ትከሻ ለወጠ እንጂ አልቀነሰም። የውሻውንም ገመድ ለልጅቱ አስይዞ ተናፈሺበት ማለት ሥራ መጨመር ነው። እህሉን አባወራው ራሱ ይሸከም፤ ወፍጮ ቤቱ ወደ እናቱ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ከሆነማ ምን ያግደዋል? ከግራሮቹ ሲመለስ እሳቱ ካልተያያዘ፥ ገመዱን አስቀምጦ ክብሪት ይፈልግ።