የነዳጅ ኩባንያ እንጀራና የኅሊና ጥያቄ

ከትልቅ የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ የቅጥር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። አንደኛው የኑሮ ጥያቄ ነው፤ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቦታው ርቀትና ስለ ውሉ ዘመን። ሁለተኛው የኅሊና ነው፤ ምድርንና ሰውን በሚጎዳ ሥራ ተቀጥሮ እንጀራ መብላት ይገባል ወይ? ይህ ሁለተኛው በሦስት ይከፈላል፦ ሥራው በራሱ ምን ያደርጋል፣ ሠራተኛው ለጉዳቱ ምን ያህል ቅርብ ነው፣ የሚገኘው ገንዘብስ በደልን ያነጻል ወይ።

ጉዳዩ ዛሬ ለኢትዮጵያውያን የቅርብ ሆኗል። በሶማሌ ክልል የሚገኘውን የካሉብና የሂላላ ጋዝ የአሜሪካው ቴኔኮ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ቁፋሮውን ቀጠሉ፤ ኋላም የቻይና ኩባንያዎች ገቡበት። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደው የካሉብ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም.፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በጎዴ ለመገንባት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሟል። እንግዲህ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ወርቅ አድጎ በምህንድስና የተመረቀ ወጣት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰው የሚያስገርም አይሆንም።

የጋዙ ጥቅም ለደብረ ወርቅ ገበሬ ከሁሉ በፊት የሚታየው በማዳበሪያ ነው። ከጋዙ ሃይድሮጅን፣ ከአየር ናይትሮጅን ተወስዶ አሞኒያ ይሠራል፤ ከአሞኒያውም ዩሪያ ይገኛል። በክረምት ጤፉ ከበቀለ በኋላ ገበሬው ከጆንያ እየዘገነ በማሳው ላይ የሚበትነው ነጭ ፍሬ ይኸው ነው። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። የማገዶውም ነገር አለ። በደጋው አገር ነባሩ ደን በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው፤ ሴቶች ጭራሮና ኩበት ፍለጋ ግማሽ ቀን ይደክማሉ፤ ከምጣዱ የሚወጣው ጭስም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ጋዝ ወደ ማጀት ቢደርስ ይህን ሸክም ያቀልላል።

ጉዳቱም እውነት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከሁለት ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን ደግሞ በሃያ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ ጊዜ ያህል ምድርን ያሞቃል። ተመራማሪው ሪቻርድ ሂዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከኢንዱስትሪ ከተለቀቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድና የሚቴን ልቀት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ከዘጠና አምራች ድርጅቶች ምርት የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ዝናቡ ሲዛባ ቀድሞ የሚጎዳው ሰማይ አይቶ የሚያርሰው ገበሬ ነው፤ እሱ ግን ከልቀቱ ያዋጣው ከምንም አይቆጠርም። በማውጫ ቦታውም መከራ አለ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በዚያው በሶማሌ ክልል፣ በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ በደረሰ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። በናይጄሪያ የኒጀር ዴልታ የነዳጅ መፍሰስ የኦጎኒን ሕዝብ እርሻና ዓሣ አጥፍቷል፤ ይህን የተቃወመው ጸሐፊ ኬን ሳሮ ዊዋም እ.ኤ.አ. በ1995 በወታደራዊው መንግሥት ተሰቅሏል።

ሥራው ጥቅሙንም ጉዳቱንም ስለሚያመጣ በአንድ ቃል ርኩስ ወይም ቅዱስ ማለት አይቻልም። የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ነገር መለያ አለው። ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት የሚቆጠረው ሲኖዶስ ለጥምቀት የሚመጡ ሰዎችን ሙያ ሲመረምር ሁሉንም በአንድ አይፈርድም። ጣዖት የሚሠራ ሥራውን ይተዋል ወይም አይቀበሉትም። ወታደር ሰው እንዳይገድል ይነገረዋል። ለልጆች የአሕዛብን ትምህርት የሚያስተምር ቢተወው ይሻላል፤ ሌላ ሙያ ከሌለው ግን ይፈቀድለታል። እዚህ ሦስት ደረጃ ይታያል፦ በፍጹም የተከለከለ፣ በወሰን የሚሠራ፣ በችግር ምክንያት የሚታለፍ። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ቀራጮችና ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው መጥምቁን ሲጠይቁት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም፤ ቀራጮቹን ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ፣ ጭፍሮቹንም እንዳይቀሙና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው። የደብረ ወርቅ ማርያም ምእመናን ቅዱስ ሉቃስ እንደሳላት የሚነገርላትን የእመቤታችንን ሥዕል ያከብራሉ፤ የዚሁ ወንጌላዊ ትምህርት ለሥራ ጥያቄያቸውም መልስ አለው።

ከዚህ ትምህርት ሁለተኛው መመዘኛ ይወጣል፤ ይኸውም የሠራተኛው ቅርበት ነው። የካምፕ ወጥ ቤት፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ቁፋሮ መሪና የኩባንያው ቃል አቀባይ እኩል ተጠያቂ አይደሉም። የሚያፈስ ቧንቧ ፈልጎ የሚደፍን መሐንዲስ ጉዳቱን ይቀንሳል። ጉዳቱ እንደሌለ አስመስሎ መግለጫ የሚጽፍ ግን በሐሰት ይመሰክራል፤ ይህም ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱን መሻር ነው። የነዳጅ ኩባንያው የኤክሰን ሳይንቲስቶች ከነዳጅ ቃጠሎ የሚመጣውን ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለአለቆቻቸው አስረድተው ነበር፤ ኩባንያው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአደባባይ ጥርጣሬ ሲዘራ ኖሯል። ስለዚህ ከኩባንያው ስም ይልቅ የተሰጠው ወንበር ምን እንደሚያሠራ መመርመር ይቀድማል።

ብዙ ሰው የሚያቀርበው ምክንያት «እኔ ባልገባ ሌላ ይገባል» የሚል ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በምሳሌ አንሥቷል፦ ቤተሰብ ያለውና ሥራ ያጣ ኬሚስት በጦር መሣሪያ ምርምር እንዲቀጠር ይጠየቃል፤ እምቢ ቢል ከሱ ይልቅ ለምርምሩ የሚተጋ ሰው ይገባበታል። ዊሊያምስ ያሳየው ውጤቱን ብቻ መቁጠር የሰውየውን የራሱን ተግባርና እምነት ከሒሳብ እንደሚያወጣ ነው። በክርስትናም እያንዳንዱ የሚጠየቀው በገዛ ሥራው ነው፤ የሌላው መዘጋጀት ለማንም ፈቃድ አይሆንም። ይህ ምክንያት ትክክል ቢሆን ኖሮ ጣዖት ሠሪውም ይድንበት ነበር።

«ገብቼ ከውስጥ አሻሽላለሁ» የሚለው የተሻለ ምክንያት ነው፤ ዮሴፍ በፈርዖን ቤት፣ ዳንኤል በባቢሎን አገልግለዋል። ዳንኤል ግን የንጉሡን ማዕድ ገና ከመጀመሪያው እንዳይበላ በልቡ ቆርጦ ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህን ያስተምራል። ለዓመታት የነዳጅ ኩባንያዎችን አክሲዮን ይዛ በባለ ድርሻነት ልትመክራቸው ሞከረች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲኖዶሷ የአምስት ዓመት ገደብ ቆረጠ፤ በ2023 ኩባንያዎቹ ባለመታረማቸው ከነሱ እንደምትወጣ አስታወቀች። በዚያን ጊዜ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ ራሳቸው ከክህነት በፊት አሥራ አንድ ዓመት በነዳጅ ኩባንያዎች የሠሩ ናቸው። ገደብ የሌለው «አሻሽላለሁ» ውሎ አድሮ ከመልመድ አይለይም።

ሦስተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ከደመወዙ አሥራት ማውጣት፣ ወላጅ መጦርና ደብር ማሠራት መልካም ነው፤ የተበደለውን ሰው ግን አይክስም። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሲሰጥ፣ ለበደላቸው ሰዎች አራት እጥፍ እንደሚመልስ ለብቻው ተናግሯል። ምጽዋቱ ካሳውን አልተካለትም። በኦጋዴን የግጦሽ መሬቱ ለተወሰደበት አርብቶ አደር የሚገባው ካሳ በደብረ ወርቅ በሚሠራ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሊተካ አይችልም።

ችግርም በሚዛኑ ይገባል። ወላጆቹ በሬ ሸጠው ያስተማሩት፣ ታናናሾቹ በሱ ተስፋ ያደረጉ ወጣት ብዙ አማራጭ እንዳለው ሰው አይፈረድበትም፤ ሲኖዶስም ሌላ ሙያ የሌለውን አይቶታል። ነገር ግን ችግር በደሉን ያቀልላል እንጂ ሐሰትን እውነት አያደርግም፤ ሌላ እንጀራ በተገኘ ጊዜም ጥያቄው እንደገና ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ሥራው ጉዳትን የሚቀንስ ወይም ለሕዝብ የሚያስፈልግ ነገር የሚያመርት፣ ሠራተኛውም እውነቱን መናገር የሚችልበት ከሆነ መቀበል ይፈቀዳል። ውሸት መጻፍን፣ ፍሳሽ መደበቅን ወይም ሰውን ያለ ካሳ ማፈናቀልን የሚጠይቅ ከሆነ ደመወዙ የቱንም ያህል ቢሆን እምቢ ማለት ይገባል። በመካከል ያለው ደግሞ ወሰን ይፈልጋል፤ የትኛውን ትእዛዝ እንደማይፈጽምና እስከ መቼ እንደሚቆይ ሰውየው ከመፈረሙ በፊት ከንስሐ አባቱና ከቤተሰቡ ጋር መክሮ ይቁረጥ። የመጀመሪያው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቆረጥ ወሰን ለጥቅም ያደላልና።